የቢቸና ጧት፣ የሞጣ ጧት

ሳብሪያ ምክንያቱን ያላወቀችው ነገር ሲኖር እህል አይወርድላትም። ሞጣ ገበያው ዳር ካለችው የጨርቅ ሱቋ አዲስ ጣቃ ሲገባ፣ አምጪው «ሲታጠብ አይሰበሰብም፤ ቀለሙም አይለቅም» ብሎ ቢምልላት እንኳ ዝም ብላ ታዳምጠውና ከጫፉ ስንዝር ትቆርጣለች። ግማሹን በቀዝቃዛ፣ ግማሹን በሙቅ ውኃ ትነክራለች፤ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ ሲደርቅ መልሳ ትለካዋለች። ለደንበኛ «ይኼን ውሰጂ፣ ያንን ተዪው» የምትለው ከዚያ በኋላ ነው። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሠላሳውን ያህል ከጨርቅ ጋር ኖራለች።

የገዛ ሰውነቷ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚመረመር አልሆነላትም።

ስኳር እንዳለባት ካወቀች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። አምስቱን ዓመት በኪኒን ገፋችው። ከዚያ ኪኒኑ አልበቃ ሲል ኢንሱሊን ተጀመረላት፤ ይኸው አራት ዓመት ጧትና ማታ ራሷን ትወጋለች። ባሕር ዳር የሚሠራው ልጇ መለኪያውን ከነስትሪፑ ስለሚልክላት፣ በየጧቱ ሱብሒ ሰግዳ እንደጨረሰች ጣቷን ወጋ አድርጋ፣ ደሟን ስትሪፑ ላይ አስነክታ፣ የሚወጣውን ቁጥር በደብተር ትጽፋለች። ችግሩ ቁጥሩ ነው። እሑድ 118 ይላታል፤ ደህና ነው። ሰኞ ከልክ በላይ ወጥቶ 264። ማክሰኞ 231። ረቡዕ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ 126። ራቷ ያው ነው፤ ግማሽ እንጀራ በምስር ወይም በጎመን። የመድኃኒቷም ልክ ያው፣ ሰዓቱም ያው። ታዲያ ጧቱ ለምን ያው አይሆንም?

በየወሩ ወደምትታይበት ጤና ጣቢያ ደብተሯን ይዛ ስትሄድ፣ የስኳር ክትትል ክፍሏ ነርስ ሲስተር ሉሊት ቁጥሮቹን በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። ሉሊት የሻሸመኔ ልጅ ናት፤ ሞጣ ተመድባ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው። ትሁትና ታታሪ ልጅ ናት፤ ግን ጥያቄዋ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«እማማ ሳብሪያ፣ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ማታ ምን በልተው ነበር?»

«የዘወትሩን ነዋ ልጄ። ግማሽ እንጀራ።»

«ማር? ሻይ በስኳር? ትንሽ ዳቦ?»

«ወላሂ አልቀመስኩም!»

ሉሊት ፈገግ ትላለች። ሳብሪያ ያቺን ፈገግታ ታውቃታለች። እሷም ራሷ «ኧረ በቀዝቃዛ ውኃ ነው ያጠብኩት» እያሉ የተሰበሰበ ጨርቅ ለሚመልሱ ሰዎች የምታሳያት ፈገግታ ናት። ከዚያ ሉሊት የማታውን መድኃኒት ከፍ ታደርገዋለች። አሥራ አራት ዩኒት የነበረው አሥራ ስድስት ሆነ፤ ቆይቶ አሥራ ስምንት፤ በመጨረሻ ሃያ ሁለት ደረሰ። ጧቱ ግን አሁንም እንዳሻው ነው።

ባሏ አብዱራዛቅም ከሉሊት የተለየ አላሰበም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። አባቱ በዚሁ በሽታ ዓይናቸው ጠፍቶ ነው የሞቱት። አንድ ቀን ከመስጊድ ሲመለስ ከመደርደሪያው የማሩን ማሰሮ አንስቶ ወንድሙ ቤት አደረሰው። ሳብሪያ ባዶውን ቦታ ስታየው ሆድ ባሳት። ከማሰሮው አንድ ማንኪያ ነክታ አታውቅም። «እኔን ሌባ አደረግኸኝ» ልትለው አፏ ድረስ መጣና ዋጠችው። ማስረጃ የላትማ። እሷ ራሷ ያላወቀችውን ነገር እንዴት አድርጋ ታስረዳው?

ነገሩ መልክ የያዘው ባልጠበቀችው ቀን ነው። ሳብሪያ በየአሥራ አምስት ቀኑ ጨርቅ ይዛ ወደ ቢቸና ትወርዳለች። ታናሽ እህቷ ሀኒያ እዚያ ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ሳብሪያ ሁለት ሌሊት እዚያ አድራ፣ ሒሳቧን ጨርሳ፣ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ትመለሳለች። ሀኒያ እህቷን የምትቀበላት እንደ እንግዳ ነው፤ ታበስላለች፣ አልጋዋን ትለቅላታለች፣ የማታዋን መድኃኒት እንኳ «አምጪው፣ መርፌ የእኔ ሙያ ነው» ብላ ከእጇ ነጥቃ ትወጋታለች።

እና አንድ ዓርብ ሱቅ ውስጥ ሰው ሳስቶ ነበርና ሳብሪያ ደብተሯን ወደኋላ ትገልጥ ጀመር። ቢቸና የለካችበት ቀን ላይ «ቢ» የምትል ፊደል የማድረግ ልማድ ነበራት። እነዚያን ብቻ እየፈለገች አነበበቻቸው። ቢ 104። ቢ 97። ቢ 110። ቢ 91። ቢ 88። ደግማ አነበበች። ከአንዱም ፊት ሁለት መቶ የሚባል ነገር የለም። ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች።

«አብዱራዛቅ!» አለች ማታ ቤት እንደገባ፣ ደብተሩን አፍንጫው ሥር ዘርግታ። «ተመልከት። ቢቸና ሳድር ደህና ነኝ። እዚህ ሳድር ነው የሚወጣው።»

አብዱራዛቅ መነጽሩን አድርጎ አየው። «እንግዲያ ቢቸና ሄደሽ ኑሪያ» አለና ሳቀ። ከዚያ ግን ሳቁን ተወው። «እዚያ ሀኒያ ስለምታይሽ ይሆናል» አለ ቀስ ብሎ።

«ስለምታየኝ ምን? አልሰርቅም ማለትህ ነው?»

ሳብሪያም የዚያኑ ሌሊት ወሰነች፤ ቢቸና ውስጥ ያለውን ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ ታገኘዋለች።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ውኃውን ነው። በሚቀጥለው ጉዞዋ ሃያ ሊትር ጀሪካን የቢቸና ቧንቧ ውኃ ሞልታ ሚኒባሱ ላይ አስጫነች። አጠገቧ የተቀመጡ መነኩሲት ጀሪካኑን አዩና «ጠበል ነው ልጄ?» ብለው ጠየቋት።

«እኔ እስላም ነኝ እማሆይ።»

«እንግዲያው ያ የእናንተው፣ የመካው ውኃ ነው?»

«ኧረ የቢቸና ቧንቧ ነው።»

መነኩሲቷ ጀሪካኑን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ አልተናገሩም።

ሳብሪያ ሳምንቱን ሙሉ ያንን ውኃ ብቻ ጠጣች። 249፣ 132፣ 271። ውኃው አይደለም። ቀጥሎ የሀኒያን ጤፍ ጠረጠረች፤ ዱቄቱን በከረጢት አስመጥታ በሱ ጋገረች። አሁንም ወዲህና ወዲያ። ከዚያ እግሯን ጠረጠረች። ቢቸና ከሀኒያ ቤት ገበያ ድረስ በእግሯ ትመላለሳለች፤ ሞጣ ግን ቀኑን ሙሉ ሱቅ ተቀምጣ ነው የምትውለው። ስለዚህ ከጎረቤቷ ከባንቺዓለም ጋር ማታ ማታ ከተማውን መዞር ጀመሩ። በዚህኛው ትንሽ የቀነሰላት መሰላት፤ ያም ሆኖ አንድ ጧት 258 አገኘች።

«ለምን ሁሉንም በአንድ ላይ አታደርጊውም?» አለቻት ባንቺዓለም እየተራመዱ። «ውኃውንም፣ ጤፉንም፣ እግሩንም።»

«ሁለት ጨርቅ አንድ ላይ ነክሬ የየትኛው ቀለም እንደለቀቀ በምን አውቃለሁ?» አለቻት ሳብሪያ።

ኅዳር ሲገባ፣ የማታው መድኃኒት ሃያ ሁለት በደረሰ በሳምንቱ፣ ሳብሪያ እንደልማዷ ቢቸና ወረደች። በሁለተኛው ቀን ጧት ሱብሒ ሳይደርስ ነቃች። ቀሚሷ በላብ ርሶ ሰውነቷ ላይ ተጣብቋል። እጇ ይንቀጠቀጣል። ጥግ ላይ ያለው የስፌት መኪና ሁለት ሆኖ ታያት። ልትነሣ ስትሞክር ጉልበቷ ከዳት።

«ሀኒያ» አለች፣ ድምፅዋ የራሷ አልመስል ብሏት። «ጣቃው... ጣቃውን ከዝናብ አስገቢው።»

ሀኒያ ብድግ አለች። ዝናብ የለም። የእህቷን ግንባር ስትነካው ውኃ ሆኗል። ሳብሪያ ስኳሯ ከልክ በታች የሚወርድበት ቀን ቢመጣ ምን ማድረግ እንዳለባት ቀድማ አስጠንቅቃት ነበርና አልተርበተበተችም፤ ሦስት ማንኪያ ስኳር በብርጭቆ ውኃ በጠበጠችና ቀና አድርጋ ይዛ አጠጣቻት። ከዚያ ጣቷን ወግታ ለካቻት። 49።

ከሩብ ሰዓት በኋላ 81 ሆነ። ሀኒያ ቁራሽ ዳቦ አበላቻት። የሳብሪያ ዓይን ጠራ፣ የስፌት መኪናውም አንድ ሆነ። ወዲያው ደብተሯን ፈለገች።

«አርባ ዘጠኝ» አለች እየጻፈች። «ባለፈው ሳምንት ሞጣ ሁለት መቶ ሃምሳ ስምንት፣ ዛሬ እዚህ አርባ ዘጠኝ። አንድ ሰው፣ አንድ መድኃኒት፣ አንድ ዓይነት ራት። እዚህ ቤት ምንድን ነው ያለው ሀኒያ?»

ሀኒያ ብርጭቆውን መሬት ላይ ዱብ አደረገችውና አለቀሰች። «እኔ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ነፍሴ ወጥታ አንቺ ቁጥር ታወሪልኛለሽ! እንግዲህ ብቻሽን አትሄጂም። አብሬሽ ሄጄ እዚያ ቤት የሚደረገውን በዓይኔ ካላየሁ አልተውሽም።»

ሲነጋ ለሲስተር ሉሊት ስልክ ደወሉ። ሉሊት ደነገጠች፤ የማታውን ወደ አሥራ አራት ዝቅ እንዲያደርጉና ሰኞ ጧት እንዲመጡ ነገረቻቸው። ሀኒያ ሱቋን ዘጋች፤ በዚያው ቅዳሜ ሁለቱ እህትማማቾች ሞጣ ገቡ።

ማታ መግሪብ ተሰግዶ አብዱራዛቅ ገና ከመስጊድ ሳይመለስ፣ ሳብሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ መድኃኒቷን ቀዳች። ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ ስሪንጁን ወደ ግራ ጭኗ ወሰደችው፤ ዓይኗ እንኳ እዚያ አልነበረም፤ ስለ ራት ታወራ ነበር።

«ቆይ» አለች ሀኒያ። «እዚያ ነው የምትወጊው?»

«የት ልወጋ ኖሯል?»

«ሁልጊዜ?»

«ጧትም ማታም። ሌላው ቦታ ያመኛል፤ እዚህች ላይ ግን ምንም አይሰማኝ።»

ሀኒያ ወረድ ብላ ተንበረከከች። የልብስ ሰፊ እጅ ነው ያላት፤ ኮት ሲመጣላት ከገበሩ ሥር የተሰበሰበውን ጥጥ ሳትፈታው በጣቷ ታገኘዋለች። ልክ እንደዚያ የእህቷን ጭን በሁለት ጣት ዳሰሰችው። ትንሽ ሄደችና ቆመች። ከቆዳው ሥር የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ መሐሉ ለስለስ ጠርዙ ጠንከር ያለ ነገር አለ። ቀኙን ጭን ዳሰሰች። እዚያ የለም።

«ይኼ ምንድን ነው እትዬ?»

«ውፍረት ነዋ።»

«አንድ እግርሽ ብቻ ነው የሚወፍረው?»

ሳብሪያ ስሪንጁን አስቀምጣ ራሷ ዳሰሰችው። አራት ዓመት በየቀኑ ሁለት ጊዜ የነካችውን ቦታ ገና አሁን ያገኘችው መሰላት። ዓይኗን ወደ ሀኒያ አነሣች።

«ቢቸና አንቺ የት ነው የምትወጊኝ?»

«ክንድሽ ላይ። አንድ ቀን ግራ፣ አንድ ቀን ቀኝ። ያንኑ ቀዳዳ ደጋግሜ አልወጋም፤ ጨርቅም ቢሆን ይላላል።»

ሳብሪያ ውኃውን አስባለች፣ ጤፉን አስባለች፣ እግሯን አስባለች፤ መርፌው ግን ያው መርፌ፣ መድኃኒቱም ያው መድኃኒት ስለሆነ ቦታው ለውጥ ያመጣል ብላ አንድ ቀን አላሰበችም።

ያን ማታ ሀኒያ ክንዷ ላይ ወጋቻት። እሑድ ጧት፣ ሞጣ፣ የራሷ ቤት፣ 101። ሳብሪያ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ግን እሑድ ማታ ስሪንጁን ይዛ ወደ ግራ ጭኗ ስትመለስ ሀኒያ ጮኸች።

«አብደሻል እንዴ? አግኝተሽው የለም?»

«አንድ ጊዜማ በአጋጣሚም ይሆናል። ካልደገምኩት አላወቅኩትም።»

«አላህ ይይልሽ!»

«ዛሬ ብቻ።» እብጠቱ ላይ ወጋችው። እንደወትሮው አላመማትም። ሰኞ ጧት 243።

ያንን ቁጥር ስታይ የተሰማት ነገር ግራ ያጋባ ነበር። ከፍ ያለ ስኳር አይታ ደስ ያላት በሕይወቷ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሲስተር ሉሊት ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳታቋርጣቸው ሰማች። ከዚያ እጇን ታጥባ፣ መጋረጃውን ስባ፣ የሳብሪያን ጭን በጣቶቿ ዳሰሰችው። 

«ሦስት ዓመት ሙሉ ምን እንደበሉ ጠየቅኩዎት» አለች። «የት እንደሚወጉ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። አላየሁምም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሳብሪያ የጠበቀችው ይህን አልነበረም። ቤት ሳለች ስትዘጋጅበት የነበረው ንዴት የት እንደገባ ጠፋት። «እኔስ አራት ዓመት እየነካሁት መች አየሁት?» አለች። «ይልቅ አስረጂኝ። ውስጡ ምን እየሆነ ነው?»

ሉሊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንድ ቦታ ሲደጋገም ከቆዳው ሥር ያለው ስብ እንደሚያብጥ፣ እዚያ የገባ መድኃኒት እንደሚታሰር፣ አንዱን ቀን ጥቂት ሌላውን ቀን ብዙ ወደ ደም እንደሚያልፍ ነገረቻት። ጧቱ የሚዘባረቀው ለዚያ ነው። «እኔ ደግሞ መድኃኒቱ አልሠራም ብዬ ጨመርኩት። ሀኒያ ደህናው ቦታ ላይ ስትወጋዎት ያ ሁሉ የጨመርኩት በሙሉ ሠራ። አርባ ዘጠኝ ያደረሰዎት እሱ ነው።» የማታውን አሥራ አራት ላይ እንድትተወው፣ እብጠቱን ለወራት እንዳትነካው፣ ሆዷን፣ ክንዷንና ቀኝ ጭኗን እያፈራረቀች በየጊዜው ሁለት ጣት ያህል እየራቀች እንድትወጋ፣ ለጥቂት ሳምንት ጠበቅ አድርጋ እንድትለካና ዝቅ ካለ ቶሎ እንድትደውል አዘዘቻት።

«ለምን አላመመኝም? ይጠፋል ወይስ ይቀራል? በስንት ጊዜ? ዛሬ ብዙ ነገ ጥቂት የሚያሳልፈውስ ማን ነው የሚወስነው?»

ሉሊት ሁለቱን መለሰች። ለሦስተኛው «ከሰው ሰው ይለያያል» አለች። ለአራተኛው ትንሽ አሰበችና «እሱን አላውቀውም። አንብቤ እነግርዎታለሁ» አለች። ሳብሪያ ይህ የመጨረሻው መልስ ከሁሉም በላይ ደስ አላት።

አብዱራዛቅ የሆነውን ከሀኒያ ሰማ። ጃኬቱን ለብሶ ወጣና ከግማሽ ሰዓት በኋላ የማሩን ማሰሮ በሁለት እጁ ታቅፎ ገባ፤ ከመደርደሪያው ቦታው ላይ መልሶ አስቀመጠው።

«እኔ አልበላውም እኮ» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ። ቆይቶም፣ ጀርባውን እንደሰጣት፣ «ያኔም ማወቅ ነበረብኝ» አለ።

ክረምቱ እስኪገባ ድረስ የሳብሪያ ጧቶች ረገብ አሉ። 112፣ 98፣ 125። ሁሉም ግን አይደሉም። አንዳንድ ጧት ያለ ምንም ምክንያት 170 ይሆናል። ሉሊት ሊነጋጋ ሲል ሰውነት ራሱ ስኳር እንደሚለቅ፣ ጉንፋንም ሐሳብም እንቅልፍ ማጣትም ሊያወጣው እንደሚችል ነግራታለች። ሳብሪያ እነዚህን በደብተሯ በአንድ ዓምድ ታሰፍራለች፤ ምክንያት ያላገኘችላቸው ቀኖች ፊት «ገና» ብላ ትጽፋለች።

በሰኔ ወር አንድ የቀጠሮ ቀን፣ ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ገብረ ኪዳን የሚባሉ የገጠር አዛውንት አጠገቧ ተቀመጡ። እሳቸውም ኢንሱሊን ይወጋሉ።

«የእኔስ ጧት ጧት አልያዝ ብሎኛል» አሏት ወረቀታቸውን እያሳዩ። «እኒህ ልጆች ምን በላህ ይሉኛል። ምን አለኝና እበላለሁ?»

ሳብሪያ ፊቷ በራ። «የት ነው የሚወጉት አባባ?»

ሆዳቸውን አሳዩዋት፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ፣ ከነገ ወዲያ ጭን። እብጠትም የለባቸውም፤ ሉሊት ባለፈው ወር ዳስሳ አይታቸዋለች። ሳብሪያ ለአፍታ ግራ ገባት። መልሱን የያዘች መስሏት ነበር።

«መድኃኒቱን የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«ቆጥ ላይ። ልጆች እንዳይነኩት፣ አይጥም እንዳይደርስበት።»

«ከቆጡ ሥር ምን አለ?»

«ምን ይኖራል፣ ምድጃው ነዋ።»

«ቀን ሙሉ ይነድበታል?»

«ክረምት አይደል እንዴ?» አሉ ገብረ ኪዳን፣ የሴትዮዋ ጥያቄ ወዴት እንደሚሄድ ስላልገባቸው እየሣቁ።

ሳብሪያ ቦርሳዋን አንሥታ ተነሣች። «እኔ አላውቅም አባባ። መድኃኒቱን ሙቀቱ ነክቶት ይሁን ሌላ፣ አላውቅም። ግን ተራዎ ሲደርስ አብሬዎት ልግባ? እኔም መልሱን መስማት እፈልጋለሁ።»